ፍራፍሬን ጋግሮ መክሰስ፦ ኦቨን ላለውም፣ ምጣድ ብቻ ላለውም

ቅዳሜ ገበያ ገብቼ ሙዝ ስገዛ ልክ አላውቅም። ሻጯ «ምራቂ» ብላ ሁለት ሦስት ትጨምርልኛለች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተሸክሜ ወደ ቤት። ማክሰኞ ላይ ግማሹ ጠቁሯል። ልጆቹ ደግሞ ጥቁር ነጥብ ያለበት ሙዝ በእጃቸው አይነኩም። ማንጎ ሲደርስም ያው ነው። ርካሽ ነው ተብሎ በፌስታል ይገዛል፣ ከዚያ ሁሉም ተማክሮ በአንድ ቀን ይበስላል።

ስለዚህ እውነቱን ልናገር፤ ፍራፍሬ መጋገር የጀመርኩት ለጤና ብዬ አይደለም። እንዳይጣልብኝ ብዬ ነው። ጤናው በኋላ የመጣ ትርፍ ነው። አሁን ልጆቹ 10 ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መጀመሪያ የሚከፍቱት የሙዝ ቺፕስ ያለበትን ብርጭቆ ዕቃ ነው። ብስኩት የሚጠይቁበት ቀን አልጠፋም፣ ግን ቀንሷል።

ጎረቤቴ መጀመሪያ ያየችኝ ዕለት «አንቺ፣ ፍሬም ይጋገራል እንዴ? የማታመጪው ጉድ የለም!» ብላ ስቃብኝ ነበር። አሁን እንጀራ ጋግራ ስትጨርስ ምጣዷን ከማጥፋቷ በፊት በአጥሩ በኩል «ሙዝ አለሽ?» የምትለኝ እሷ ናት። የምጣዱን ነገር በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ይህን እንለይ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፍራፍሬ «መጋገር» ሲባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ። አንዱ ማድረቅ ነው፤ ቺፕስና የማንጎ ጥቅልል የሚሠራው በዚህ ነው። ሌላው እንደ ዳቦ በከባድ ሙቀት ማብሰል ነው፤ ከዚህ የሚወጣው ለስላሳና በማንኪያ የሚበላ ነገር ነው።

ለማድረቅ የምንፈልገው ከ90 እስከ 100 ዲግሪ፣ ለጥቅልሉ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ያለ ሙቀትና ብዙ ሰዓት ነው። ለማብሰል ግን 180 ዲግሪ አካባቢና ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የመጀመሪያዬን የሙዝ ቺፕስ «ቶሎ ይድረስልኝ» ብዬ 180 ላይ አደረግኩት። ጠርዙ ከሰል ሆነ፣ መሐሉ እንደ ሙጫ ጥርስ ላይ ይጣበቃል። አንድ ኪሎ ሙዝ ለዶሮ ሰጠሁ። ዶሮዎቹም ብዙ አልወደዱትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሙዝ ክብደት ሦስት አራተኛው ውሃ ነው። ማንጎና ፖም ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ናቸው። ይህ ውሃ ከውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ እስኪተን ጊዜ ይፈልጋል። እሳቱ ከበዛ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና መውጫውን ይዘጋዋል። ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ስኳሩ ማረር ይጀምራል።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ውሃ እዚህ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ቆላ አገር ባለ ሰው የተጻፈ የሰዓት ልክ ለእኛ ልክክ ላይል ይችላል። ሰዓቱን እንደ ግምት ያዙት፣ ፍርዱን ለእጃችሁና ለዓይናችሁ ስጡ። በጋ ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሥራው ይፈጥናል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እስከ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ያስፈልጋል።

ምን ይገዛ?

ለቺፕስ የሚሆነው ሙዝ ቢጫ ሆኖ ጠንከር ያለው ነው። ነጠብጣብ የበዛበት ሲቆረጥ ይላቁጣል፤ እሱን ለብስኩቱ አስቀምጡት። ፖም የጨንቻውም ሆነ ከውጭ የሚገባው ይሆናል፣ ለእኔ ግን ኮምጠጥ ያለው ይሻላል፤ ሲደርቅ ጣፋጭነቱ ስለሚጎላ ያመጣጥነዋል። ማንጎ በደንብ የበሰለ ይሁን። ኮክ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይመጣል፤ ለመጋገር እንደሱ የሚስማማ ፍሬ አላየሁም። ፓፓያና ሐብሐብን ተዉአቸው። ውሃቸው አያልቅም፣ መብራት ይጨርሳሉ።

ከዚህ ሌላ ሎሚ፣ ቀረፋ፣ ለውዝ፣ ሰሊጥ ያዙ። ሰሊጥ መቼም የመተማና የሁመራ አገር ሰው ሆነን አይቸግረንም። ዕቃ ደግሞ ስለታም ቢላ፣ የኦቨን ትሪ፣ የመጋገሪያ ወረቀትና ክዳኑ ግጥም የሚል ብርጭቆ ዕቃ። ወረቀቱ ከጠፋ ለማብሰሉ ሥራ የድፎ ዳቦውን ኮባ ተጠቀሙ፣ ሽታውም ያምራል። ለቺፕስ ግን ኮባ አይሆንም፤ ቅጠሉ ራሱ እርጥበት ስላለው ከሥር ያልበዋል።

የሙዝ ቺፕስ

አራት ወይም አምስት ሙዝ ልጣጩን አውጡ። የአንድ ሎሚ ጭማቂ በ2 ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ። ሙዙን ቁረጡት፤ ውፍረቱ ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ቢደራረብ የሚሆነውን ያህል ይሁን። ከዚህ ከሳሳ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ከወፈረ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። ከውፍረቱ የሚበልጠው ግን እኩልነቱ ነው። አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ከሆነ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ ገና ለስላሳ ነው።

የተቆረጠውን ሎሚው ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ 3 ደቂቃ ብቻ አቆዩት። ሎሚው ሙዙ አየር ሲነካው እንዳይጠቁር ይይዘዋል። ብዙ ከቆየ ግን ውሃ ይጠጣል፣ እኛ ደግሞ ውሃ ልናወጣ ነው የተነሳነው። ከዚያ ንጹሕ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ላዩን በሌላ ፎጣ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። አትዝለሉት፤ ግማሽ ሰዓት መብራት ያተርፋል።

ትሪው ላይ ወረቀት አንጥፋችሁ አንዱ አንዱን ሳይነካ ደርድሩ። ኦቨኑን 95 ዲግሪ ላይ አድርጉት። የእናንተ ኦቨን ቁጥር ከሌለው ወይም የጋዝ ከሆነ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ አድርጉትና በሩ ላይ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ሸጉጡ፤ ጣት የምታስገባ ክፍተት ትበቃለች። ቁጥር ላለውም ቢሆን ይህን እመክራለሁ። እንፋሎቱ መውጫ ካጣ ሙዙ በራሱ ላብ ይቀቀላል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ገልብጡት። ወረቀቱን አልለቅም ካለ ገና ነው ማለት ነው፤ 15 ደቂቃ ጨምሩለትና እንደገና ሞክሩ። ጠቅላላው ከ2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ይወስዳል።

ደርሷል ወይ የሚለውን ኦቨን ውስጥ እያለ በመንካት አታውቁትም። ትኩስ ስኳር ለስላሳ ስለሆነ ሁልጊዜ ያልደረሰ ይመስላል። አንዱን አውጡና ቀዝቃዛ ሳህን ላይ አድርጉት። 3 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ እጠፉት። ቀው ብሎ ከተሰበረ አጥፉ። ከተጎበጠ 20 ደቂቃ ይጨመር። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ስንቱን አሳርሬያለሁ!

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። እንደ ሱቁ ኮርሸም ኮርሸም አይልም። የሱቁ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ውስጥ የተጠበሰ ነው። የእኛው ጠጠር ብሎ ጥርስ ላይ ትንሽ የሚሳብ ነው። ሁለተኛውን ፍሬ ስትበሉ ትለምዱታላችሁ።

ምጣድ ብቻ ላለው

ብዙ ቤት ኦቨን የለም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አለ። ምጣድ ደግሞ ከጠፋም በኋላ ለረጅም ጊዜ ግለቱን ይይዛል። ያ ግለት በየሳምንቱ በነጻ ይባክናል። የእኔ ዘዴ ይህንን መጠቀም ነው።

የመጨረሻው እንጀራ እንደወጣ ምጣዱን አጥፉ። አክንባሎውን አንስታችሁ 10 ደቂቃ ያህል ተዉት። ከዚያ መዳፋችሁን ከምጣዱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ ያዙና ቁጠሩ። 10 ሳይሞላ እጃችሁን ካነሳችሁ ገና ነው። 10 ደርሳችሁ ሞቅ ያለ ነገር ብቻ ከተሰማችሁ ጊዜው ነው። የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፉና የተቆረጠውን ሙዝ ወይም ፖም ደርድሩበት። አክንባሎውን ግጥም አድርጋችሁ አትድፉት። በአንድ በኩል የማንኪያ እጀታ አስገብታችሁ ከፍ አድርጉት። አክንባሎ ለእንጀራ እንፋሎት እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ አሁን የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው። በየመሐሉ ብታነሱት ውስጡ ላይ ጠል ታያላችሁ፣ በጨርቅ ጥረጉት።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ገልብጡት። ምጣዱ ከቀዘቀዘ ፍሬውን ከነወረቀቱ አንሱት፣ ምጣዱን 2 ወይም 3 ደቂቃ አብሩት፣ አጥፉት፣ የመዳፉን ፈተና ድገሙና መልሱት። ሦስት አራት ጊዜ ይህን ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል። ወረቀት ላዩ ላይ እያለ ምጣድ አብርታችሁ በፍጹም ጥላችሁ እንዳትሄዱ።

ፍሬውን በቀጥታ ምጣዱ ላይ እንዳታስቀምጡትም። አንድ ጊዜ ወረቀት አልቆብኝ ማንጎ እንዲሁ ደረደርኩበት። ስኳሩ ምጣዱ ላይ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ እንጀራዬ እየተቀደደ ወጣ። በጎመን ዘር ደጋግሜ አስሼው፣ ሁለት ሦስት እንጀራ ለምጣዱ ከፍዬ ነው የታረቅነው። እናቴ ሰምታ «ምጣድ እኮ አኩራፊ ነው» አለችኝ።

ፖም

ፖም ከሙዝ ይቀላል። ከነልጣጩ እጠቡት፣ አግድም ቁረጡት፣ ከሙዙ ትንሽ ሳሳ አድርጉት። መሐሉ ላይ የሚወጣውን ኮከብ ልጆች ስለሚወዱት አላወጣውም፤ ፍሬውን ብቻ በቢላ ጫፍ አንሱ። ቀረፋ ነስነስ። 100 ዲግሪ ላይ 2 ሰዓት አካባቢ፣ መሐል ላይ አንዴ መገልበጥ። ይኸው ነው። ይህኛው በደንብ ኮርሸም ይላል።

የማንጎ ጥቅልል

ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ልጆች ከረሜላ ነው ብለው ነው የሚበሉት። ሁለት ትልልቅ የበሰሉ ማንጎዎች ሥጋቸውን አውጡ። የእኛ አገር ማንጎ ክሩ ስለሚበዛ ከተፈጨ በኋላ በማጥለያ ማሳለፍ ይሻላል፣ አለበለዚያ ጥርስ መሐል መግባቱ ያስመርራል። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ስኳር አያስፈልግም። በድስት ዝግ ባለ እሳት እያማሰላችሁ 10 ደቂቃ አብስሉት። ማንኪያው የድስቱን ታች ሲጠርግ መስመሩ ለአንድ አፍታ ክፍት ሆኖ ከቆየ ወፍሯል ማለት ነው።

ወረቀቱን ጠብታ ዘይት ቀቡና ማንጎውን ዘርጉበት። ጠርዙን ከመሐሉ ትንሽ አወፍሩት፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርቀው ጠርዙ ነው። ኦቨኑ እስከሚችለው ዝቅ ይበል፣ 75 ወይም 80 ዲግሪ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ከ4 እስከ 5 ሰዓት። መሐሉን በጣት ስትነኩት ካልተጣበቀና የጣት አሻራ ካልቀረበት ደርሷል። ከነወረቀቱ ጠቅልላችሁ በመቀስ ቁረጡት።

አምስት ሰዓት መብራት ማቃጠል ለሁለት ማንጎ አያዋጣም። ወይ ሁለት ትሪ አንድ ላይ አድርጉ፣ ወይ ፀሐይን አስተባብሩ። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይበረታ ኦቨን ውስጥ 2 ሰዓት አቆይቼ የቀረውን ፀሐይ ላይ እጨርሰዋለሁ። ትሪውን ሻሽ አልብሳችሁ ከመሬት ከፍ አድርጉት። ዝንብ ሰበብ አይፈልግም።

መብራት ቢሄድስ? ይሄዳል። ቺፕሱ ከግማሽ በላይ ከደረቀ በሩን ዘግታችሁ ተዉት፣ በቀረው ሙቀት ትንሽ ይገፋል። ቀን ከሆነ ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ፀሐይ አሙቁት። ገና እርጥብ ከሆነና ክረምት ከሆነ ግን ለነገ አታሳድሩት፣ የዚያኑ ቀን ብሉት። እርጥብ ፍሬ ሞቅ ባለ ቦታ ሲያድር ይሻግታል።

በማንኪያ የሚበሉት

ለሥራ ካልታደላችሁ ከዚህ ጀምሩ። ሙዝ ከነልጣጩ ትሪ ላይ አድርጉ፣ 190 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ። ልጣጩ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ይሆናል፣ አትደንግጡ። በቢላ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት። ውስጡ እንደ ገንፎ ሆኖ ይጠብቃችኋል። የታመሰ ሰሊጥና ሸክሸክ ያለ ለውዝ ነስንሳችሁ ከልጣጩ ውስጥ በማንኪያ ብሉት።

ፖም ወይም ኮክ ለሁለት ከፍላችሁ ፍሬውን አውጡ። ጉድጓዱን በለውዝ፣ በዘቢብና በቀረፋ ሙሉት። ትሪው ላይ ኮባ አንጥፉ፣ ሁለት ማንኪያ ውሃ ጠብ አድርጉ። 180 ዲግሪ ላይ ፖሙ 30 ደቂቃ፣ ኮኩ 20 ደቂቃ። ውሃው ኮባው ላይ ከሚወጣው ጭማቂ ጋር ተደባልቆ ሽሮፕ ይሆናል። ያንን እንዳትደፉት፤ መልሳችሁ ላዩ ላይ አፍስሱት።

የጠቆረው ሙዝ ደግሞ ብስኩት ይሁን። ሁለት የጠቆረ ሙዝ በሹካ ደቁሱ። አንድ ኩባያ የተዳመጠ አጃ፣ ሱፐርማርኬት ኦትስ የሚሉት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥና ቁንጥር ቀረፋ ጨምሩ። አጃው እንዲጠጣ 10 ደቂቃ ተዉት። በማንኪያ ትሪው ላይ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ በማንኪያው ጀርባ ጠፍጥፉት፣ ሲጋገር በራሱ አይዘረጋም። 180 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ፣ ወይም ሥሩ ቡናማ እስኪሆን። 12 ያህል ይወጣዋል። እንቁላል የለው፣ ቅቤ የለው፤ ለሁዳዴ የተፈጠረ ነው። እርጥበት ስላለው ግን ከሁለት ቀን በላይ ውጭ አታስቀምጡት።

ስለ ልኩ

ጤናማ ነው ማለት እንደ ቆሎ ይዘገናል ማለት አይደለም። አንድ ኪሎ ሙዝ ልጣጩ ሲወጣ 650 ግራም ገደማ ነው። ሲደርቅ ከ200 ግራም በታች ይሆናል። ስኳሩ ግን የትም አልሄደም። አንድ ትልቅ ጭብጥ ቺፕስ በሉ ማለት ሁለት ሙዝ በሉ ማለት ነው። ልጆቼን በቡና ሲኒ እሰፍርላቸዋለሁ። ስኳር ያለበት ሰው ይህንን አስቦ፣ ሐኪሙንም ጠይቆ ይብላ።

ማር ልጨምር ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር የተጨመረ ስኳር በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ እንዲያንስ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይላል። ማርም በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ሙሉ ፍሬ ውስጥ ያለው የራሱ ስኳር ግን አይቆጠርም። ስለዚህ እኔ አልጨምርም፤ ፍሬው ከበሰለ አይፈልግም። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ጨርሶ አይሰጥም። ለትንንሽ ልጆች ጠጣር ቺፕስና ሙሉ ለውዝም ሊያንቃቸው ስለሚችል ለስላሳዎቹን ስጧቸው፣ ለውዙንም አልማችሁ ውቀጡት።

ሙቀት ቫይታሚን ሲን ይቀንሳል፣ ይህን አልደብቅም። አሰሩ ግን ይቀራል፣ የማንጎው ቢጫ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውም አብዛኛው ይቀራል። ትኩስ ፍሬ ካለ ትኩሱ ይበላ። ይህ ለተረፈው ነው።

ማስቀመጥ

ቺፕሱ ጨርሶ ሳይቀዘቅዝ ክዳን አትግጠሙ። ትንሽ ሙቀት ካለው ውስጡ ያልበዋል፣ በሁለተኛው ቀን ለስላሳ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ከገጠማችሁ በኋላም የመጀመሪያውን ቀን ዕቃውን እዩት፤ ብርጭቆው ላይ ጠል ከታየ ፍሬው አልደረቀም፣ ወደ ኦቨን ይመለስ። በደንብ የደረቀ ቺፕስ ከፀሐይ ራቅ ብሎ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ክረምት ላይ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እርጥበት ስለሚገባ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍሉት። ከለሰለሰ 100 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ አሙቁትና አቀዝቅዙት፣ ይመለሳል። ሻጋታ ካያችሁበት ግን ያን ብቻ ለቅማችሁ አትበሉ፣ ሁሉም ይጣል።

ክዳኑ ላይ ቀኑን ጻፉ። እኔ እጽፋለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ አምስተኛ ቀኑን ያየ ዕቃ ቤቴ ውስጥ የለም። ትናንት የሞላሁት ደግሞ አሁን ጎረቤቴ ዘንድ ነው፤ ለቡና ቁርስ ብላ ወስዳዋለች፣ ዕቃውን ትመልሰው ይሆናል።